የራሴ የውሃ ተራ

የሰኔ ጾም የሚፈታበት የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከቆቦ ከተማ አንድ ወጣት ሰባኪ ወደ አጥቢያችን መጣና ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አስቀምጦ ማስተማር ጀመረ። ቀጭን ልጅ ነው፤ ነጠላውን አጣፍቶ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። ጾም የፈታ ሰው ልቡ ቤቱ ስለሆነ የሚሰማው ጥቂት ነበር። እኔ ግን እሰማለሁ፤ የተነገረኝን ሁሉ መስማት ልማዴ ነው።

«ድኅነት በሥራችን ያገኘነው አይደለም» አለ ልጁ። «ድኅነት ከእግዚአብሔር በነጻ የተሰጠን ስጦታ ነው። ማንም በራሱ ጥረት ድኅነትን አገኘሁ ብሎ አይመካ።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሌላ ትምህርት ቤት አላየሁም። ብዙ ዓይነት «ሀ» እንዳለ አውቃለሁ፤ በጆሮ ግን ሁሉም አንድ ነው። በዚያ ላይ ጎተራችን ተጠርጎ ያለቀበት፣ አዲሱ እህል ገና ያልተዘራበት ወር ነው። ድህነትን ስጦታ ነው ሲለኝ ደሜ ፈላ። ተነሣሁ።

«የኔ ልጅ» አልኩት፣ «ድህነትማ በጥረታችን ያገኘነው እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን። ማንም ጥሮ አያገኘውም። ስጦታ ነው ካልክ ግን ከኛ ዘንድ ተርፏል፤ ለቆቦ ሰዎች ይዘህላቸው ሂድ።»

ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። የንስሐ አባቴ እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሰባኪው መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዚያ ራሱም ሳቀ። የንስሐ አባቴ ቆይተው ወደ እኔ መጡና «ልጁ የሚያወራው ስለ መዳን ነው፣ ነፍስ ስለምትድንበት ነገር። ስለ ማጣት አይደለም» አሉኝ።

ሳቁ አልጎዳኝም። የጎዳኝ ከገባኝ በኋላ ነው። መዳን በነጻ ነው? ዕድሜ ልኩን የጾመውም ያልጾመውም፣ የሰው እህል ያልነካውም ሌባውም? እኔ የእርዳታ ስንዴ ሲታደል ጣሳው ለአንዱ ተቆልሎ ለሌላው ተጠርጎ ሲሰጥ አይቼ፣ ከረጢቱ ላይ ወጥቼ ተቀምጬ ሁሉም እንደገና ካልተሰፈረ አልነሣም ያልኩ ሰው ነኝ። አዳዩ ወታደር ጠርቶ ነበር። ወታደሩም መጥቶ አየኝና «እናቴን ትመስላለች፣ እንደገና ስፈር» አለው። እና እንዲህ ላለ ሰው በነጻ የሚለው ቃል አይዋጥም።

ነገሩ የገባኝ ግን በስብከት አይደለም። በውሃ ነው።

የራያ ሜዳ ዝናቡ አይታመንም። እኛን የሚያኖረን በምዕራብ በኩል ካለው ተራራ፣ ከደገኞቹ ሀገር የሚወርደው ደራሽ ውሃ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ እየጠበሰች ተራራው ላይ ደመናው ይጠቁራል። ከዚያ በደረቀው የወንዝ አሸዋ ላይ ቀይ ጎርፍ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ብዙ አይቆይም። በመጣበት ሰዓት ጠልፈው ወደ ማሳ ካላስገቡት ወደ አፋር በረሃ ወርዶ ይቀራል። አንድ ጊዜ በደንብ የጠጣ ማሳ ጤፍ ያበቅላል፣ ያልጠጣ ማሳ አቧራ ነው።

ለመጥለፍ ቦይ ያስፈልጋል። ቦዩን በየዓመቱ ጎርፉ ራሱ ያፈርሰዋል፣ በደለል ይሞላዋል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሰው ሁሉ ይወጣል። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ድንጋይና የእሾህ ቅርንጫፍ እንሸከማለን። ከወንዙ ዳር ላለው የቦዩ አፍ ክትር ይሠራለታል፣ ክትሩ በድንጋይ፣ በእሾህና በአሸዋ ይታሰራል። ለያንዳንዱ ቤት የሚቆፍረው ተለክቶ ይሰጠዋል። ሕጉም አንድ ነው፤ ያልቆፈረ ውሃ የለውም። ተራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የላዩ ሳይጠጣ የታቹ አይከፍትም።

ባለቤቴ የውሃ አባት ነበር። ተራውን የሚያስጠብቅ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ እሱ ነው። ደመወዝ የለውም፤ የሚያተርፈው ጠላት ነው። በዚያ ክረምት ጉልበቱን ቁርጥማት ይዞት ከአልጋ እስከ ደጃፍ በዱላ ሆነ። ስለዚህ ቦዩ አፍ ላይ ቆሜ ክፈት፣ ድፈን የምለው እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ ለማሾፍ «የውሃ እናት» ይሉኛል። እኔም አቤት እላለሁ።

ከሁላችን በታች፣ ቦዩ በሚያልቅበት፣ አንድ ሰውዬ ማሳ አለው። ስም አልጠራም፤ የጫፉ ሰውዬ እለዋለሁ። ከሁለት ክረምት በፊት ተራው እስኪደርስ መጠበቅ አቃተው። ባለቤቴ ለምሳ ገባ ባለበት ሰዓት ከላይኛው ማሳዬ ራስ ያለውን ክትር በዶማ ሰብሮ ውሃውን በእኔ መሬት ላይ አቋርጦ ወሰደው። ጎርፉ አፈሬን ጠርጎ ድንጋዩን ጥሎልኝ ሄደ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፈረዱ። ክትሬን ይሥራ፣ የሄደውን ያህል አፈር ከወንዙ ደለል ተሸክሞ ይመልስ ተባለ። እሺ አለ። ጥቂት ቀን ሠራና ጠፋ። አፋር ሄዶ የጥጥ እርሻ ገባ አሉ። ሚስቱም ልጇን አዝላ ዋጃ ከተማ ወላጆቿ ዘንድ ተመለሰች።

በዚያ ሰኔ መጨረሻ ቁፋሮው ሁሉ ካለቀ በኋላ መጣ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ከወባ የተረፈ አጥንት ነው። ሚስቱን ለምኖ መልሷታል። ሜዳው ላይ ከማሳችን አጠገብ የሚያርሱ፣ ለባለቤቴ ወዳጅ የሆኑ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ በሬ አውሰውት ማሳውን አረሰ። የቀረው ውሃ ብቻ ነው።

ከሰባኪው ቀን ጥቂት ቀን በኋላ ሦስቱ ወደ ቤታችን መጡ፤ ሽማግሌው፣ ሰውዬውና ሚስቱ።

«ውሃ ልንለምን ነው የመጣነው እቴ» አሉ ሽማግሌው ከመቀመጣቸው።

«እንስራው እዚያ ነው፤ ይጠጡ።»

«የሚጠጣውን አይደለም።»

«አውቄያለሁ እኮ አያ። እንዳላወቅኩ ልሁን ብዬ ነው።»

ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ ነበር። ሰውዬውን አየና «ማሳህን ስንቴ አረስከው?» አለው።

«ሁለቴ።»

«ለጤፍ ሁለቴ አይበቃውም።»

«በሬው የሰው ነው አባቴ።»

ባለቤቴ የቀረውን ለኔ ተወው።

«ቁፋሮ ጊዜ የት ነበርክ?» አልኩት።

«ተኝቼ ነበር እትዬ። ወባ ነው።»

«እኔም ታምሜ ነበር። ታምሜ ድንጋይ ተሸከምኩ። ክትሬን ስትሰብርስ ወባ ነበረብህ?»

«አልነበረብኝም። ጤነኛ ነበርኩ። ሆን ብዬ ነው የሰበርኩት። የማመካኘው የለኝም። አፈሩን መመለስም አለብኝ፤ አልረሳሁም። ግን ዛሬ ጉልበት የለኝም፤ አንቱ እንደሚያዩኝ ነኝ» አለ።

ቢዋሽ ይቀለኝ ነበር። የሚዋሽን ሰው ማባረር አውቅበታለሁ።

ሚስቱ እስከዚያ ድረስ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም ነበር። «ወንድሞቼ ዘንድሮ እህል ካልገባ ልጅሽን ይዘሽ ተመለሺ፣ ከዚያ በኋላም የባልሽን ደጅ አትረግጪም ብለውኛል» አለች። «እኔ መመለስ አልፈልግም። ክፋቱን ከአንቱ በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ግን መመለስ አልፈልግም።»

«ላንቺ አዝናለሁ» አልኳት፤ እውነቴን ነበር። «ማዘኔና ውሃው ግን ለየብቻ ናቸው። ለሱ ተራ ብሰጥ፣ ሰኔን ሙሉ መዳፋቸው የተላጠውን ሰዎች ምን እላቸዋለሁ? ሰብራችሁ ጥፉ፣ ሲመቻችሁ ተመለሱ፣ ውሃ ይጠብቃችኋል ልበላቸው?»

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ አሹት። «ልክ ነሽ። ቦዩን የቆፈራችሁት እናንተ ናችሁ። ደመናውንስ ማን ቆፈረው?»

«እሱን አላህን ይጠይቁልኝ።»

«ጠይቄ ነበር፤ ዝም አለኝ» አሉና ራሳቸው ሳቁ። «ወላሂ፣ ከአንቺ ጋር መከራከር ከድንጋይ ጋር መከራከር ነው። ድንጋይ እንኳ አይመልስም።»

ቡና ሳይጠጡ ሄዱ። እኔም አላፈላሁ።

ከሄዱ በኋላ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «አንተ ሰው፣ ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? የውሃ አባት የሰው ተራ መንጠቅ አይችልም። ለማንም ቢሆን።»

«እንግዲያ ተስማማን።»

«እኔ እንጃ» አለና ተኛ። እኔ እንጃ ሲል አልተስማማም ማለት ነው፤ ካገባኝ ጀምሮ እንደዚያው ነው።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ቤት ሄድኩ። አጥራቸውን በእሾህ እየጠገኑ ነበር። መስቀል ሳልሳለም አልጀመርኩም፤ ከተሳለምኩ በኋላ ግን ወዲያው ገባሁበት።

«አባቴ፣ ያ ልጅ በነጻ ነው ያለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ጾምኩ?»

እሾሁን አስቀመጡት። «ክርስትና የተነሣሽው መቼ ነው?»

«እንደ ሴት ልጅ ሁሉ በሰማንያ ቀኔ ነዋ።»

«ከዚያ በፊት ስንት ጾም ጾመሽ ነበር?»

«በሰማንያ ቀኔ?»

«ስግደትስ? ምጽዋትስ?»

«አባቴ፣ አይቀልዱብኝ።»

«አልቀለድኩም። የዚያን ቀን የሠራሽው ሥራ ቢኖር ያጠመቁሽን ቄስ ልብስ ማራስ ነው። ያንን አድርገሽም የእግዚአብሔር ልጅ ተባልሽ። ጸጋ ማለት ይህ ነው። ለምነሽው አይደለም፣ ሠርተሽበትም አይደለም፤ ገና እጅሽን መዘርጋት ሳታውቂ ተሰጠሽ።»

«ከዚያ ወዲህ የሠራሁትስ?»

«ከዚያ ወዲህማ ልጅ ስለሆንሽ የልጅ ሥራ ሠራሽ። ልጅ ለመሆን ብለሽ አይደለም። ተኝተሽ ብትውዪ ደግሞ የተሰጠሽን ታባክኚው ነበር። ውሃ ሲመጣ ቦይ የሌለው ሰው ምን ይጠቀማል? ቦይ የቆፈረም ግን ዝናቡን እኔ አዘነብኩት አይልም።»

ስለ ቦይ ሲያነሡ የሰሙ መሰለኝ። እኛ ሀገር ወሬ ከጎርፍ ይፈጥናል። «እንግዲያ የጫፉን ሰውዬ ጉዳይ ያውቁታል» አልኩ።

«የንስሐ ልጄ ነው።»

«ምን ላድርግ? የቆፈሩትን ሰዎች ተራ ነጥቄ ለሱ ልስጥ?»

«የለም» አሉኝ፤ ሳያመነቱ። «የሰው አትስጪ።»

እፎይ አልኩ። ካህን ፈረደልኝ ብዬ ተሳልሜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ቃላቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰብኝ። የሰው አትስጪ። አንድ ነገር የቀረው ይመስል ነበር። ምን እንደቀረው ሳላውቅ ቤቴ ገባሁ።

ደራሹ የመጣው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው፣ ከሰዓት። ሜዳው ላይ አንድ ጠብታ አልወደቀም፤ ተራራው ግን ከጠዋት ጀምሮ ጥቁር ነበር። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ከባድ መኪና አስፋልቱን ሲያንቀጠቅጥ እንደሚሰማው። ከዚያ ከላይ ያሉት «መጣ፣ መጣ» እያሉ ተጣሩ። መቀነቴን አጥብቄ ሮጥኩ።

ያን ቀን ክትሩ በደንብ ያዘ። ቀዩ ውሃ እየተገፋፋ ቦያችን ውስጥ ገባ። የላዮቹ ጠጡ፤ ድፈን አልኩ፤ ቀጥሎ ያለው ከፈተ። ያ የተጠረገው የላይኛው ማሳዬ ጠጣ። የሽማግሌው ማሳ ጠጣ። አንዱ «የውሃ እናት፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» ሲለኝ «ለአንተ ስጨምር ከማን ላንሳ? ከጢምህ?» እያልኩ አለፍኩ። ከዚያ የቀረው የታችኛው ማሳዬ ነው፣ ከባለቤቴ እናት የወረስነው ቁራጭ መሬት። ከሱ በታች የጫፉ ሰውዬ ብቻ አለ።

በዚህ ጊዜ ውሃው መሳሳት ጀመረ። ደራሽ ሲያልቅ ያስታውቃል፤ አረፋው ይቀንሳል፣ ድምፁ ይወርዳል። ሁላችንም የጎርፍ ሰዎች ነን፤ ለአንድ ማሳ የሚበቃ ውሃ ብቻ እንደቀረ ሁላችንም አየን።

ይህን ነገር ሰባኪ ቢያወራው ኖሮ ክትሩ በዚያ ሰዓት ይሰነጠቅ ነበር። የጫፉ ሰውዬም ጎርፉ ውስጥ ዘሎ ገብቶ በደረቱ ይይዘው ነበር፣ እኔም አልቅሼ ውሃውን እሰጠው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም። ክትሩ ደህና ነበር። ሰውዬውም ከተቀመጠበት አልተነሣም። ወባው ተመልሶበት በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ በማሳው ጫፍ ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ ዶማ ይዛ ከማሳው አፍ ላይ ቆማለች። ወደ እኔ አላየችም። ውሃ ይሄዳል ብላ የጠበቀችም አይመስለኝም፤ የምትቆምበት ሌላ ቦታ ስለሌላት ነው የቆመችው። ሰውዬው ያን ቀን ለምስጋና የሚበቃ አንድ ሥራ አልሠራም። ውሃ ይገባዋል የሚያሰኝ ምንም ነገር አልነበረውም። ቢጮህብኝ፣ ቢሳደብ እንኳ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል።

ያኔ ነው የንስሐ አባቴ ቃል ቀሪው የታየኝ። የሰው አትስጪ አሉኝ። የራስሽን አትስጪ አላሉኝም።

በደንብ ተናደድኩ። አባ ይህን ሆን ብለው ትተውት ነው ብዬ ነው የተናደድኩት። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም፤ አሁን ደግሞ አርፈዋል።

የታችኛው ማሳዬ አፍ ላይ የቆመው ጎረምሳ «የውሃ እናት፣ ልክፈት?» አለኝ።

«ተወው።»

«ምኑን?»

«የኔን ተወው። ወደ ታች ይሂድ።»

«ወደ ጫፍ?»

«ጆሮ የለህም?»

«እሱ እኮ አልቆፈረም» አለ ሌላው ከላይ። ዶማውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «ሕግ ነው ስትይ የኖርሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ ምን ነካሽ?»

«አዎ፣ አልቆፈረም። እኔ ግን ቆፍሬያለሁ። ተራው የማን ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ያንተን ነካሁብህ?»

«የለም።»

«የማንን ነካሁ? የተነካበት ካለ ይምጣና ይናገር። የራሴን ተራ የትም አደርገዋለሁ። ለፍየል ባጠጣውስ?»

ጎረምሳው የኔን ሳይከፍት ዞር አለ። ውሃው በማሳዬ አጠገብ አልፎ ወረደ። ሴትዮዋ መጀመሪያ አልገባትም። እግሯን ሲነካት ነው ወደ ታች ያየችው። ከዚያ ዶማዋን አነሣችና እንደ እብድ ወዲያና ወዲህ እየሮጠች ውሃውን በማሳው ላይ ታከፋፍል ጀመር። ባሏ ለመነሣት ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠ።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ለልጆቼ ያቀረብኩትን ራት እንግዳ ቁጭ ብሎ ሲጨርሰው የማይ መሰለኝ። የታችኛው ማሳዬ ያን ዓመት ሌላ ውሃ አላገኘም፤ ጤፍም አልሰጠን። በሽሮና በበቆሎ እንጀራ ነበር የከረምነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶታል።

«የእናቴን መሬት?» አለኝ።

«የእናትህን መሬት።»

ጉልበቱን እያሸ «እሷ ብትሆን ውሃውን ለሱ ሰጥታ፣ አንቺን ደግሞ ዘገየሽ ብላ ትሰድብሽ ነበር» አለ።

በማግስቱ የጫፉ ሰውዬ ደጃችን መጥቶ ቆመ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። «ምን ትገተራለህ? እርጥበቱ ሳያልፍብህ ሂድና ዝራ» አልኩት። ሄደ። የዘራውም በቀለ። ያን ያህል ደለል ያረፈበት ማሳ ስለሆነ ጤፉ ከእኔ የላይኛው ማሳ የተሻለ ሆነ፤ ባለፍኩ ቁጥር ያናድደኝ ነበር፤ ግን ቆሜ አየው ነበር። ሚስቱ ዋጃ አልተመለሰችም።

በነጻ የሚለው ቃል ለምን እንዳላስተኛኝ ከዚያ ወዲህ ነው የገባኝ። ማንም ያልከፈለው መስሎኝ ነበር። ማንም ካልከፈለ ደግሞ የሆነ ሰው ተራ ተነጥቋል ማለት ነው፤ እኔ ይህን ነበር የምጠላው። ያ ውሃ ለጫፉ ሰውዬ በነጻ ነው የገባው፣ አንድ አካፋ አፈር አላነሣበትም። ለኔ ግን የአንድ ማሳ ጤፍ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ስቅለት በመጣ ቁጥር ስሰግድ የማስበው ይህንን ነው። ጌታ እኛን ሲያድነን የማንንም ተራ አልነጠቀም፣ ሕጉንም አላፈረሰም፤ ከራሱ ነው የሰጠው። እንዲህ ከሆነ ጸጋ ከፍርድ ጋር አይጣላም ማለት ነው። የተማረ ሰው ይህን በጥሩ ቃል ይናገረው ይሆናል። እኔ ግን የማውቀው በደረቀ ማሳዬ ነው።

አሁን ሜዳችን ላይ ውሃ በሞተር ከምድር ይወጣል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ይመረታል። የልጅ ልጆቼ በባጃጅ ቆቦ ውለው ይመጣሉ፣ ደራሽ መጥለፍ ምን እንደሆነም አያውቁም። ባለቤቴም ካረፈ ቆይቷል። የማወራለት ሰው ሁሉ ግን የጫፉ ሰውዬ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብሎ ይጠይቀኛል። የሆነው ይህ ነው።

በሚቀጥለው ሰኔ ለቁፋሮ ስንወጣ መጣ። ዓይኑ ጠርቷል፣ ክንዱም ሥጋ ይዟል። ከሁሉ ቀድሞ አልመጣም፣ ከሁሉም ኋላ አልቀረም። የተለካለትን ቆፈረ። ሰው ሁሉ ዕረፍት ሲወጣ ግን ዶማውን ይዞ ወደ እኔ ድርሻ አለፈና መቆፈር ጀመረ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«የአንቱን ላግዝ ብዬ እትዬ።»

«ማገዝ ነው ወይስ መክፈል?»

ዶማውን ይዞ ቆመ። «አንገቴ ቀና እንዲል ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ሁሉ ያንን ውሃ ያስታውሰዋል።»

«ያስታውሰው። ከድርሻዬ ውጣ።»

«ትንሽ ብቻ ልቆፍር—»

«ውጣ አልኩህ። ያስጠረግከውን አፈር እንድትመልስ ሽማግሌ ፈርዶብሃል፤ እሱን ሂድና መልስ፤ ዕዳህ ነው፣ አልማርኩህም። የውሃውን ግን አትንካብኝ። ውሃውን ሰጠሁህ እንጂ አልሸጥኩልህም። ዛሬ ብትከፍለኝ ያን ቀን ሻጭ ነበርኩ ማለት ነው። የባለቤቴን እናት መሬት ያደረቅነው ለንግድ ነው?»

ሽማግሌው ከጎን ተቀምጠው እየሰሙ ነበር። «አንቺ ሴት፣ ስትሰጪም ትጣያለሽ» አሉኝ።

«ካልተጣላሁማ ይከፍለኛል አያ።»

ሰውዬው ከድርሻዬ ወጣ። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ቆይቶ አንድ ጆንያ ደለል ተሸክሞ ወደ ላይኛው ማሳዬ ሲሄድ አየሁት። ጆንያውን ማሳው ላይ ገልብጦ፣ አራግፎ፣ ሳይዞር ሌላ ሊያመጣ ወረደ። እኔም ድንጋዬን አንሥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።